ጭስ የሚቆጠረው በተሳፋሪ ነው፤ ለከተማ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና ለተጓዡ ሕዝብ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ከተማ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በሙሉ
ግልባጭ፦ በየዕለቱ ለሚጓዘው ሕዝብ
ጉዳዩ፦ ልቀቱ አነስተኛ የሆነ ጉዞ ለመምረጥ የሚያስችል አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

«መኪናችሁን አቁሙ፤ በአውቶቡስ፣ በብስክሌት፣ በእግር ሂዱ» የሚል ምክር በየቦታው ይለጠፋል። ምክሩ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ማለዳ ፌርማታ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሞ የጠበቀ ሰው፣ ወይም ልጁን በብስክሌት አፈናጦ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር የተጋፋ ሰው፣ በማግስቱ የመኪናውን ቁልፍ ቢያነሳ አንፈርድበትም። እኛ በመስመር ዕቅድ፣ በመንገድ ንድፍና በተሽከርካሪ ጥገና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ይህን የምንጽፈው ጭስ በተሳፋሪ ቁጥር ተካፍሎ እንዲቆጠር፣ ተሳፋሪውም በሰዓቱ በሚደርስ አውቶቡስና በማያስፈራ መንገድ እንዲሳብ ለመጠየቅ ነው።

ከሂሳቡ እንጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ስህተት ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል፤ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ሆኖ ይወጣል። ናፍጣ ከቤንዚን ከበድ ያለ ስለሆነ ከአንድ ሊትሩ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይወጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው የማንኛውንም ጉዞ ጭስ በወረቀት ላይ ማስላት ይችላል።

በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚበላ የቤት መኪና በኪሎ ሜትር 184 ግራም ያወጣል። አንድ ሰው ብቻውን ከነዳው 184ቱም የእሱ ነው፤ አራት ሆነው ከሄዱበት ለእያንዳንዱ 46 ይደርሰዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ የከተማ አውቶቡስ ደግሞ በኪሎ ሜትር 1,080 ግራም ያወጣል። 50 ሰው ሲጭን የአንዱ ድርሻ 22 ግራም ገደማ ነው። 5 ሰው ብቻ ይዞ ሲዞር ግን ድርሻው 216 ግራም ይሆናል፤ ብቻውን መኪና ከሚነዳው ሰው ይብሳል ማለት ነው። «አውቶቡስ ንጹሕ ነው» ማለት ስንት ሰው እንደጫነ ሳይነገር ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ በተደጋጋሚ እናያለን። «እንግዲያው ማታ ባዶውን የሚሄደውን አውቶቡስ እናቁመው» ይባላል። ማታ መመለሻ የሌለው ሰው ጠዋትም በአውቶቡስ አይወጣም። የማታዋን አንድ ጉዞ ስትሰርዙ የጠዋቱን ተሳፋሪም አብራችሁ ታጣላችሁ። ባዶነት ሲያስቸግር በትንሽ አውቶቡስ መተካት እንጂ መስመሩን ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም። ለተጓዡም የምንለው አለን፦ መርሐ ግብር ተይዞለት የሚሄድ አውቶቡስ እናንተ ተሳፈራችሁ አልተሳፈራችሁ መሄዱ አይቀርም። አንድ ሰው ሲጨመር የነዳጁ ፍጆታ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያሳይም። ስለዚህ መኪናችሁን ትታችሁ ስትሳፈሩ የመኪናው ጭስ በሙሉ ይቀራል።

ተሳፋሪ እንዴት ይገኛል? መጀመሪያ መታየት ያለበት መጠበቂያው ነው። አውቶቡሶች በ10 ደቂቃ ልዩነት እኩል ተራርቀው ከመጡ፣ ሰዓት ሳያይ ወደ ፌርማታ የሚወጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው አውቶቡሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በየ20 ደቂቃው ከመጡ ግን መጠበቂያው 10 ደቂቃ ይሆናል። አውቶቡስ አልቀነሰም፣ ሾፌር አልቀነሰም፣ ነዳጅ አልቀነሰም፤ የተሳፋሪው ጥበቃ ግን እጥፍ ሆነ። በዓመቱ ሪፖርት ላይ «በሰዓት ስድስት አውቶቡስ አሰማርተናል» ተብሎ ሲጻፍ ይህ አይታይም።

አውቶቡሶች የሚጣበቁት ሾፌሮቹ ግዴለሽ ስለሆኑ አይደለም። የፊተኛው በአንድ መብራት ጥቂት ይዘገያል። በዘገየ መጠን በሚቀጥለው ፌርማታ የተሰበሰበው ሰው ይበዛል፤ ለማሳፈር ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ ሰው የተነሳበት ባዶ ፌርማታ ስለሚያገኝ እየፈጠነ ይደርስበታል። አንዴ ከተጣበቁ በራሳቸው አይላቀቁም። መፍትሔው በመስመሩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የመቆጣጠሪያ ፌርማታ መርጦ፣ ከፊቱ ወዳለው የተጠጋውን አውቶቡስ እዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት ነው። በየፌርማታው ማቆየት ተሳፋሪን ያማርራል፤ መነሻው ላይ ብቻ ማስተካከል ደግሞ መሃል ላይ ለሚፈጠረው አይደርስም። ተቆጣጣሪው ማየት ያለበት በሁለቱ አውቶቡሶች መካከል ያለውን ርቀት በደቂቃ ነው። በየ10 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በሚመላለስ መስመር ላይ የመነሻ ሰዓት ሰሌዳ ተሳፋሪውን ብዙም አይጠቅመውም።

ሁለተኛው የሚባክን ጊዜ በሩ ላይ ነው። ሾፌሩ እየሸጠ እያንዳንዱ ተሳፋሪ 5 ሰከንድ ቢወስድ፣ 30 ሰው ለማሳፈር ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሄዳል። ክፍያው ከመሳፈር በፊት አልቆ በሦስት በር ቢገባ ያው ሰው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይገባል። የፌርማታው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ከፍ ቢል፣ ጋሪ የሚገፉ፣ ዊልቸር የሚጠቀሙና ዕቃ የያዙ ሰዎች ሌላውን ሳያስቆሙ ይገባሉ። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ከፈተች፤ በኋላም ክፍያ በቅድሚያ የሚፈጸምባቸውን ከፍ ያሉ ፌርማታዎች ጨመረች። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ይህንኑ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2000 አስፍታ ጀመረችው። ሁለቱም ባቡር እስኪገነባ አልጠበቁም።

የተከለለ የአውቶቡስ ረድፍ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚቀርበው ተቃውሞ «መንገዱ ጠባብ ነው» የሚል ነው። መከለሉ የሚያስፈልገውም መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ነው። መብራት ባለበት የከተማ መንገድ አንድ ረድፍ በሰዓት 800 ገደማ መኪና ያሳልፋል እንበል፤ በመኪና አንድ ተኩል ሰው ቢቆጠር 1,200 ሰው ነው። በዚያው ረድፍ በየደቂቃው 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ ቢያልፍ 3,600 ሰው ይሻገራል። ቀለም ብቻ ቀብቶ መተው ግን ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ መኪና ለአምስት ደቂቃ ዕቃ ለማውረድ ረድፉ ላይ ከቆመ፣ የዚያን ሰዓት ጥቅም በሙሉ ያጠፋዋል። ካሜራ፣ ወይም ዝቅ ያለ የኮንክሪት ጠርዝ፣ ካልሆነም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ቋሚ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ለሱቆች ዕቃ ማውረጃ ደግሞ በጎን መንገድ ላይ ቦታና ሰዓት መድቡላቸው፤ ያለዚያ ክልከላው አይከበርም።

ፌርማታ ከመስቀለኛ መንገድ በፊት ሳይሆን ካለፉ በኋላ ይሁን። ከመብራት በፊት ከሆነ አውቶቡሱ በአረንጓዴ ቆሞ ያሳፍራል፤ ሲጨርስ ቀይ ይሆንበታል። መብራቱ ለአውቶቡስ ቅድሚያ እንዲሰጥ ከተሠራማ ፌርማታው በፊት መሆኑ መሣሪያውን ያሳስተዋል፤ አውቶቡሱ እየመጣ ነው ብሎ አረንጓዴውን ያራዝማል፣ አውቶቡሱ ግን ሰው እየጫነ ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ነጻ ማድረግ ብቻውን መኪናውን አያስቆምም። የኢስቶኒያዋ ታሊን እ.ኤ.አ. በ2013 ለነዋሪዎቿ፣ ሉክሰምበርግ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁሉም ትራንስፖርትን ነጻ አድርገዋል፤ ለአቅመ ደካማው ትልቅ እፎይታ ነው። ታሊን ላይ ግን በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው ወደ አውቶቡስ ሲዞር፣ የመኪናው ቅናሽ አነስተኛ ሆነ። የስዊድኗ ስቶክሆልም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ መሃል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ በሙከራ ጣለች፤ በክልሉ መግቢያዎች ላይ የሚያልፈው መኪና በአምስት አንድ ያህል ቀነሰ። ልብ ልንለው የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ተጨማሪ አውቶቡሶቹ መንገድ ላይ የወጡት ክፍያው ከመጀመሩ ከወራት በፊት ነበር። አማራጩ ቀድሞ መጣ፣ ቅጣቱ ተከተለ። ሲገለበጥ ሕዝብ ያምፃል፤ ማመፁም ተገቢ ነው።

ስለ ብስክሌት ረዘም አድርገን እንጻፍ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ሳለ ከሁሉ የተበላሸ ሥራ የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። እስከ 5 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ጉዞ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 20 ደቂቃ ነው። ደግሞም መኪና ጭሱ የሚከፋው በዚሁ አጭር ርቀት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነዳጅ አብዝቶ ይወስዳል፤ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጣሪያም ሥራውን የሚጀምረው ከጋለ በኋላ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚቆም መኪና መንገዱን የሚጨርሰው ማጣሪያው በወጉ ሳይሠራለት ነው።

የብስክሌት መንገድ ስትሠሩ ለአንድ አቅጣጫ ስፋቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ መቀዳደም እንዲቻል 2 ሜትር ይሁን። ከቆሙ መኪኖች ጎን ካለፈ በር ሲከፈት እንዳይመታው ተጨማሪ ክፍተት ተዉ። የዝናብ ውኃ መውረጃ ፍርግርግ ብረቶቹ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆኑ ቀጭኑን ጎማ ይውጡታል፤ አግድም ይቀመጡ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ባለመሠራቱ ግን የሰው ጥርስና ክንድ ይሰበራል።

ዋናው አደጋ ያለው ግን መስቀለኛ መንገዱ ላይ ነው። ብዙ ከተሞች ቀጥ ያለውን መንገድ ከልለው ማቋረጫው ላይ ሲደርሱ ይተዉታል፤ ክልሉ የሚያልቀው በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር፣ በተለይ የጭነት መኪና ሾፌር፣ በጎኑ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ብስክሌት አያየውም፤ መስታወቱ የማይደርስበት ቦታ ነው። የማዕዘኑን ጠርዝ ጠበብ አድርጋችሁ መኪናው ቀስ ብሎ እንዲታጠፍ አስገድዱ። የብስክሌቱን ማቋረጫ ከመኪናው መንገድ 5 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ያኔ መኪናው ታጥፎ ከጨረሰ በኋላ ፊት ለፊት ያየዋል፣ አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታም ይኖራል። ቦታ ካልተገኘ የብስክሌት መቆሚያ መስመሩን ከመኪናው ፊት አስቀድሙ፣ አረንጓዴውንም ጥቂት ሰከንድ አስቀድሙለት።

ብስክሌት ለሚገዙ ሰዎች፦ ኮርቻው ዝቅ ብሎ የሚጋልቡ ሰዎች ጉልበታቸውን አሞአቸው ይተዉታል። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ እሱ ነው። የጎማው ግፊት በጎኑ ላይ ተጽፏል፤ በሳምንት አንዴ ይሙሉት፣ የላላ ጎማ ያደክማል፣ ጉድጓድ ሲመታም የውስጡ ጎማ በሁለት ቦታ ይቀደዳል። ካቴናውን መጀመሪያ በጨርቅ ይጥረጉ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፣ ጥቂት ቆይተው የተረፈውን ይጥረጉ፤ የተትረፈረፈ ዘይት አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከአንድ ፒን መሃል ተነስተው 24 መገጣጠሚያ ሲለኩ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲደርስ ይቀይሩት፤ ካዘገዩ ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶች አብሮ ይጨርስና ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ዳገት ላለበት ከተማ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አለ። በ100 ኪሎ ሜትር የሚወስደው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ 18 ያህል። ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ከድንጋይ ከሰል ቢመነጭና በኪሎ ዋት ሰዓት 1 ኪሎ ግራም ቢያስወጣ፣ መኪናው በኪሎ ሜትር 180 ግራም ይሆናል፤ ከቤንዚኑ መኪና የሚለየው በጥቂት ግራም ብቻ ነው። ብስክሌቱ ግን በዚያው መጥፎ ኤሌክትሪክ 10 ግራም ነው። ኤሌክትሪኩ ከውኃ ወይም ከነፋስ ከሆነ የመኪናውም ልቀት ወደ ጥቂት ግራም ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሀገሩ ኤሌክትሪክ ከምን እንደሚመነጭ ማወቅ ያስፈልጋል። ባትሪውን ስናነጻጽር፣ የመኪናው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን የብስክሌቱ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ከአንድ መኪና ባትሪ ሴሎች የ120 ብስክሌት ባትሪ ይወጣል። ባትሪው የሚሞላው ከእሱ ጋር በመጣው ቻርጀር ብቻ ነው። መውጫ በር አጠገብ አይሙሉት፤ ድንገት ቢቃጠል መውጫዎን ይዘጋዋል። ያበጠ ወይም ወድቆ የተጎዳ ባትሪ ጨርሶ መሞላት የለበትም። ለወራት የማይነዱት ከሆነ ባትሪውን በግማሽ ሞልተው ያስቀምጡት።

የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ለምትገዙ ጽሕፈት ቤቶች፦ የቻይናዋ ሸንዠን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ አዙራለች፤ ስለዚህ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተመልሷል። የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አውቶቡሱ ይገዛል፣ ትራንስፎርመሩ ግን አልታዘዘም። 50 አውቶቡስ እያንዳንዱ በ60 ኪሎ ዋት በአንድ ጊዜ ቢሞላ 3 ሜጋ ዋት ይጠይቃል፤ ይህ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ የሚበቃ ኃይል ነው። ሌሊቱን በፈረቃ ቢከፋፈል ግን ፍላጎቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ፍጆታውን በኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያዙ፤ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ሲሠራ የሚሠላው በላይኛው ነው። መስመሩን በአዲሱ ባትሪ አታስሉት። ባትሪው ከዓመታት በኋላ አንድ አምስተኛውን አቅሙን እንዳጣ ቁጠሩ፣ ከዚያም ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ ተዉ። በዚህ ስሌት ቀኑን የማይጨርስ መስመር መድረሻው ላይ ፈጣን መሙያ ያስፈልገዋል።

ከከተማ ለሚወጣ ጉዞ ነገሩ አጭር ነው። 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የሀገር አቋራጭ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅና 40 ሰው ቢጭን፣ ለአንድ ሰው ጠቅላላው 6 ኪሎ ግራም ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር በሚበላ መኪና ብቻውን የሚሄድ ሰው 48 ኪሎ ግራም ያወጣል፤ አራት ቢሆኑ 12 ይደርሳቸዋል። ንጹሕ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም ባቡር ካለ ከሁሉም ይቀድማል። አውሮፕላን ለአጭር ርቀት የሚከፋው፣ ነዳጁን አብዝቶ የሚበላው ሲነሳና ወደ ላይ ሲወጣ ስለሆነና ያን ወጪ የሚያካፍልበት ርቀት ስለሌለው ነው። ከፍታ ላይ የሚተወው የጉም መስመርም ከካርቦኑ ሌላ የራሱን ሙቀት ይጨምራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2023 በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ የሚደረስባቸውን ጥቂት የሀገር ውስጥ በረራዎች በሕግ አስቀርታለች። መብረር የግድ ከሆነ ቀጥታ በረራ ምረጡ፤ እያንዳንዱ መቀያየሪያ አንድ ተጨማሪ መነሳት ነው።

መኪና መንዳት ያለባችሁ ሰዎች ደግሞ በሰዓት 120 ከመንዳት 90 ንዱ። የአየር ግፊያው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ በ120 ላይ በየኪሎ ሜትሩ አየሩን ለመግፋት የሚጠፋው ጉልበት ከ90ው በ78 በመቶ ይበልጣል። የማትጭኑበትን ፖርቶ መጋላ አውርዱት። የጎማ ግፊት የሚለካው ከመንዳት በፊት፣ ጎማው ሳይግል ነው። በጥሪ የሚመጣ ታክሲ ስትጠቀሙም እናንተን ለመውሰድ ባዶውን የመጣበትን መንገድ በሂሳቡ ውስጥ አስገቡ።

አሁን የምንጠይቃችሁን በግልጽ እናስቀምጥ። በየወሩ ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ቁጥር አውጡ፦ በአውቶቡሶች መካከል የነበረው ትክክለኛ ክፍተት በደቂቃ፣ በየሰዓቱ የተሳፈረው ሰው ብዛት፣ በ100 ኪሎ ሜትር የወጣው ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ። በእነዚህ ሦስቱ ማንም ዜጋ ከላይ ያሳየነውን ሂሳብ ራሱ ይሠራል። ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ አትንኩ። ሰው የሚበዛበትን አንዱን ምረጡ። በመጀመሪያው ወር ምንም ሳትቀይሩ ቁጠሩ፤ በሁለተኛው ክፍያን ከበሩ አውጡና መቆጣጠሪያ ፌርማታዎችን ጀምሩ፤ በሦስተኛው ረድፉን ከልሉ። ቆጠራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። በመስመሩ መሃል ባለ አንድ ፌርማታ ሰዓትና ደብተር የያዘ ሰው፣ በሥራ ቀን አንድ ቀን፣ በእረፍት ቀን አንድ ቀን፣ ከማለዳ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት እያንዳንዱ አውቶቡስ የደረሰበትን ደቂቃና ሞልቶ ትቷቸው የሄደውን ሰው ብዛት ይጻፍ። አማካዩን ብቻ አታውጡ፤ ረጅሙን ክፍተት ጨምራችሁ አውጡ፤ ሰው አውቶቡስ የሚተወው በዚያ ቀን ነውና።

ከሰላምታ ጋር፣
በመስመር ዕቅድ፣ በመንገድ ንድፍና በተሽከርካሪ ጥገና የምንሠራ ባለሙያዎች